ሲስተሙን የሚመርጠው የዋይፋይ ካርዱ ነው

ባለፈው ወር ያገለገለ ላፕቶፕ ገዛሁ። ስክሪኑ ጭረት የለውም፣ ኪቦርዱ ደህና ነው፣ ባትሪው ሦስት ሰዓት ገደማ ይይዛል። ችግሩ ዕድሜው ነው። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደኅንነት ቺፕና በአብዛኛው ከስምንተኛ ትውልድ ወዲህ ያለ የኢንቴል ፕሮሰሰር ይጠይቃል። የእኔው ስድስተኛ ትውልድ ነው። ከእናንተም የብዙዎቻችሁ እንደዚያው እንደሚሆን እገምታለሁ።

ለሌላ ሰው ይህ ትንሽ ነገር ሊሆን ይችላል። እኔ ግን የምኖረው በሰው ቃል ነው። ስማቸው እንዳይወጣ አደራ ብለው ያወሩኝ ሰዎች ማስታወሻ የሚቀመጠው እዚሁ ላፕቶፕ ላይ ነው። የደኅንነት ማሻሻያ በማይደርሰው ሲስተም ላይ የሰው ስም ማኖር፣ መዝጊያው በተሰበረ ቤት አደራ እንደ መቀበል ነው። ስለዚህ አንድ አርብ ማታ፣ ሰኞ የማስረክበው ጽሑፍ እያለብኝ፣ ወደ ዩኒክስ መሰል ሲስተሞች ልሻገር ብዬ ተነሣሁ።

የመጀመሪያውን ጫንኩ። ድምፁ፣ ስክሪኑ፣ ኪቦርዱ ሁሉ ሠራ፤ ዋይፋዩ ግን ጭራሽ የለም። ሁለተኛውን ጫንኩ። እሱ ደግሞ ካርዱን አየው፣ ስሙንም ነገረኝ፣ ከዚያ የጎደለውን ፋይል ከኢንተርኔት እንዳወርድ መከረኝ። ኢንተርኔቱ የሚመጣው በዚያው ካርድ መሆኑን ማን ይንገረው? እናቴ ፊቴን አይታ ምን ሆንክ ስትለኝ «ድራይቨር ጠፋ» አልኳት። «ከቤት ለማትወጣው ሾፌር ምን ያደርግልሃል?» አለችኝ።

ይህን ጽሑፍ ያስጻፈኝ ያ ቅዳሜና እሑድ ነው። በውስጥ መስመር «የትኛው ሊኑክስ ይሻላል?»፣ «ቢኤስዲ ይበልጣል ይላሉ፣ እውነት ነው?» እያላችሁ የምትጠይቁኝ አላችሁ። ጥያቄው እንደ ቡና ምርጫ የጣዕም ይመስላል። አይደለም። የትኛው ሲስተም ላፕቶፓችሁን እንደሚያውቅና የትኛው እንደማያውቀው የተወሰነው ከሃምሳ ዓመት በላይ በፈጀ ሙግት ነው። ሙግቱም የዕቃውን ቋንቋ ማን ይወቅ የሚል ነው። ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ድራይቨር በአጭሩ አስተርጓሚ ነው። የዋይፋይ ካርድ፣ ፕሪንተር፣ የስክሪን ቺፕ እያንዳንዳቸው የራሳቸው ቋንቋ አላቸው፤ ይህን ቁጥር እዚህ አድራሻ ላይ ጻፍ፣ ይህን ያህል ቆይ፣ ከዚያ አንቴናውን ክፈት የሚል ዓይነት። ሲስተሙ ያን ቋንቋ በራሱ አያውቅም። አስተርጓሚውን የሚጽፈው ሰው ደግሞ መዝገበ ቃላት ያስፈልገዋል፣ መዝገበ ቃላቱም ያለው ዕቃውን የሠራው ኩባንያ መሳቢያ ውስጥ ነው። ኩባንያው ለዊንዶውስ አስተርጓሚውን ራሱ ጽፎ ያቀርባል፤ ገበያው እዚያ ነውና። ለቀሩት ግን ወይ መዝገበ ቃላቱን ይሰጣል፣ ወይ ውስጡ የማይነበብ የተዘጋ ፋይል ይልካል፣ ወይ ዝም ይላል።

ዩኒክስ ሲወለድ ይህ ራስ ምታት አልነበረም ማለት ይቻላል። በ1969 በአሜሪካው ቤል ላብስ ኬን ቶምሰንና ዴኒስ ሪቺ ብዙም ፈላጊ ያልነበራት ፒዲፒ-7 የተባለች ኮምፒውተር ላይ ሥራውን ሲጀምሩ፣ ማሽኑ የሚመጣው ከነማብራሪያው ነበር። በ1973 ሲስተሙ በሲ ቋንቋ እንደገና ተጻፈ፤ ከአንዱ ማሽን ወደ ሌላው ማዛወርም ቀለለ። የቤል ላብስ ባለቤት ኤቲ ኤንድ ቲ በ1956 ከአሜሪካ መንግሥት ጋር በደረሰበት የፍርድ ቤት ስምምነት ከስልክ ሥራ ውጪ እንዳይነግድ ታስሮ ስለነበር፣ ዩኒክስን ለዩኒቨርሲቲዎች በትንሽ ክፍያ ከነሶርስ ኮዱ ሰጣቸው። ድጋፍ የለም፣ ጥገና የለም፣ ራሳችሁን ቻሉ። ይህን እንደ ቸርነት የሚጽፉ አሉ። እኔ ከመንግሥት የፀረ ሞኖፖሊ ክስ የተረፈ ፍርፋሪ አድርጌ ነው የማየው። ፍርፋሪው ግን አንድ ትውልድ አጥግቧል።

ማዕዱ ቆይቶ ተነሣ። በአውስትራሊያ የኒው ሳውዝ ዌልስ ዩኒቨርሲቲ መምህር የነበረው ጆን ላይንስ የዩኒክስን ኮድ ለተማሪዎቹ እየተነተነ የሚያስረዳ መጽሐፍ አዘጋጅቶ ነበር። በ1979 ሰባተኛው እትም ሲወጣ ኤቲ ኤንድ ቲ ኮዱ በክፍል ውስጥ እንዳይሰጥ ከለከለ። ከዚያ በኋላ መጽሐፉ የኖረው በፎቶኮፒ፣ ከዚያም በፎቶኮፒው ፎቶኮፒ ነው። በይፋ የታተመው በ1996 ነበር። የተከለከለ መጽሐፍ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ላየ ሰው ይህ እንግዳ ታሪክ አይሆንበትም።

በዚያው ሰሞን፣ በ1980 አካባቢ፣ በኤምአይቲ የአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ቤተ ሙከራ አንድ ፕሪንተር ችግር ፈጠረ። ሪቻርድ ስቶልማን የቀድሞውን ፕሪንተር ኮድ አሻሽሎ፣ ወረቀት ሲቀረቀር ለተጠቃሚዎቹ በየስክሪናቸው መልእክት እንዲደርሳቸው አድርጎ ነበር። ዜሮክስ አዲስ ሌዘር ፕሪንተር በስጦታ ሲሰጣቸው ኮዱ አብሮ አልመጣም። ስቶልማን ኮዱ እጁ ላይ አለ የተባለ ሰው ፍለጋ እስከ ካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ ሄደ። ሰውየው ላለመስጠት ቃል ገብቻለሁ ብሎ መለሰው። በ1983 ስቶልማን ጂኤንዩ የተባለውን ነፃ ዩኒክስ መሰል ሲስተም ለመሥራት መነሣቱን አወጀ። ይህን ሁሉ ንቅናቄ ያስነሣው ትልቅ ፍልስፍና ይመስለን ይሆናል፤ መነሻው ግን የፕሪንተር ድራይቨር ነው።

አሁን ወደ ዋናው መገንጠያ ደረስን። ሊኑክስ ላፕቶፓችሁን ከቢኤስዲ በተሻለ የሚያውቀው ለምንድን ነው? ብዙ ሰው የጥራት ልዩነት ይመስለዋል። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ላይ የነበረ ማንም ባለሙያ ግን ቢኤስዲ ያሸንፋል ብሎ ይወራረድ ነበር። በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሌይ የተሠራው ይህ የዩኒክስ ዘር ከ1978 ጀምሮ የቆየ፣ በ1983 ኢንተርኔት የሚናገርበትን ፕሮቶኮል በውስጡ ይዞ የወጣ፣ የበሰለ ሲስተም ነበር። በ1992 ዊልያምና ሊን ጆሊትዝ የተባሉ ባልና ሚስት በተራ ሰው ኮምፒውተር ላይ እንዲሠራ አድርገው 386ቢኤስዲን ለቀቁት።

በዚያው ዓመት ክስ መጣ። የኤቲ ኤንድ ቲ የዩኒክስ ኩባንያ ቢኤስዲ መሸጥ የጀመረውን ቢኤስዲአይ የተባለ ትንሽ ድርጅት ከሰሰ፤ ዩኒቨርሲቲውም አብሮ ተጎተተ። ዩኒቨርሲቲው በበኩሉ እናንተም የእኛን ኮድ ወስዳችሁ ስማችንን ፍቃችኋል ብሎ መልሶ ከሰሰ። ነገሩ በ1994 በስምምነት አለቀ። ከ18,000 ያህል ፋይሎች የወጡት 3 ብቻ ነበሩ፤ ሌሎች 70 ያህሉ የባለቤትነት ማስታወሻ ተጨመረባቸው። ለሦስት ፋይል ሁለት ዓመት። በእነዚያ ዓመታት ኮዱ ነገ በፍርድ ቤት ይታገድ ይሆናል እያለ ጉልበቱን የሚያፈስበት ማን ነው?

ጉልበቱ ወደ ሌላ ቤት ሄደ። በነሐሴ 1991 የ21 ዓመቱ የሄልሲንኪ ተማሪ ሊኑስ ቶርቫልድስ የሚሠራውን ነገር በአንድ መልእክት ሲያስተዋውቅ፣ ሲስተሙ ምናልባት ከእሱ ሃርድ ዲስክ ዓይነት ሌላ መቼም እንደማይደግፍ ገልጾ ነበር፤ ያለው እሱ ብቻ ነዋ። ይህን መልእክት የሚጠቅሱ ሰዎች ስለ ትሕትናው ነው የሚያወሩት። ለእኔ ግን ስለ ድራይቨር የተነገረ እውነት ነው። ሰው አስተርጓሚ የሚጽፈው ጠረጴዛው ላይ ላለው ዕቃ ነው። በሊኑክስ ዙሪያ ብዙ ጠረጴዛ ስለተሰበሰበ ብዙ ዕቃ ታወቀ። ቶርቫልድስ ራሱም በወቅቱ 386ቢኤስዲ በእጁ ቢኖር ሊኑክስን ላይጀምር ይችል እንደነበር ቆይቶ ተናግሯል።

ከዚህ ላይ ያገለገለ ላፕቶፕ ለሚገዛ ሰው የሚጠቅም፣ ብዙም የማይነገር ነገር አለ። የሊኑክስ አዘጋጆች ለድራይቨር ጸሐፊዎች የከርነሉን የውስጥ አሠራር አንቀይርም ብለው ቃል አይገቡም። ከከርነሉ ውጭ ለብቻው የተቀመጠ ድራይቨር በአንድ ሁለት ዓመት ውስጥ ይሰበራል። ውስጥ የገባ ድራይቨር ግን፣ አሠራሩን የቀየረው ሰው ራሱ ድራይቨሩንም አብሮ የማስተካከል ግዴታ አለበት። ለዚህ ነው ከሊኑክስ ከርነል ኮድ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ድራይቨር የሆነው። ፋብሪካው የረሳው ካርድ እዚያ እስከገባ ድረስ ጠባቂ አያጣም። ኩባንያዎች ይህን ጭካኔ ይሉታል። እኔ የድሆች ኢንሹራንስ ነው የምለው።

ከሁሉ የከፋው ውጊያ የተደረገው በዋይፋይ ላይ ነው። ከዚያ በፊት በ1990ዎቹ መጨረሻ ሥራቸውን ሁሉ ለዊንዶውስ ሶፍትዌር የሚያሸክሙ ርካሽ የስልክ ሞደሞች መጥተው ነበር፤ ከዊንዶውስ ውጪ ፕላስቲክ ብቻ ነበሩ። ዋይፋይ ሲመጣ ነገሩ በሰፊው ተደገመ። ብሮድኮም በብዙ ላፕቶፖች ውስጥ የነበሩ ቺፖቹን ማብራሪያ ለነፃ ሶፍትዌር ጸሐፊዎች አልሰጠም። በጊዜው ይነሣ የነበረው ምክንያት የሬዲዮ ሕግ ነበር፤ ቺፑ በሶፍትዌር ብቻ የማይፈቀድ ሞገድና ኃይል ላይ ሊሠራ ስለሚችል ቋንቋውን ማውጣት ያስጠይቃል የሚል። ምክንያቱ ጨርሶ ባዶ አልነበረም። ግን ሁሉንም በር ለመዝጋት የሚያመች ምክንያት ነበር።

ሰዎች ሦስት መንገድ ሞከሩ። አንደኛው ለዊንዶውስ የተሠራውን ድራይቨር እንዳለ ወስዶ፣ ዊንዶውስ ውስጥ ያለ እንዲመስለው አታልሎ ማሠራት ነው። በሊኑክስ ኤንዲስራፐር ይህን አደረገ። በፍሪቢኤስዲ ደግሞ ቢል ፖል የጻፈው ተመሳሳይ ሥራ «እርኩሱ ፕሮጀክት» የሚል ቅጽል ስም ወጣለት። ይሠራል፤ ግን ቤታችሁ ውስጥ ማንነቱን የማታውቁት ሰው አስገብታችሁ ነው።

ሁለተኛው መንገድ ትዕግሥት የሚጠይቅ ነው። አንድ ቡድን የተዘጋውን ድራይቨር እየፈታ ካርዱ ምን ትእዛዝ እንደሚቀበል በተራ ቋንቋ ይጽፋል፣ ኮድ ግን አይጽፍም። ሌላ ቡድን በተዘጋው ድራይቨር ላይ ዓይኑን ሳያሳርፍ፣ ከዚያ ጽሑፍ ብቻ አዲስ ድራይቨር ይሠራል። እንዲህ የተከፋፈሉት ሰርቃችኋል የሚል ክስ እንዳይመጣባቸው ነው። የብሮድኮም ድራይቨር በዚህ መንገድ ተጽፎ በሰኔ 2006 በወጣው ሊኑክስ 2.6.17 ውስጥ ገባ። ያም ሆኖ ቺፑ ሲነሣ የሚጫንለትን ፈርምዌር የተባለ ትንሽ ፋይል ተጠቃሚው ራሱ ከብሮድኮም ድራይቨር ውስጥ ቆርጦ ማውጣት ነበረበት፤ ፋይሉን የማደል ፈቃድ አልነበረማ። ብሮድኮም ለአዳዲስ ቺፖቹ ክፍት ድራይቨር ያወጣው በመስከረም 2010 ነው።

ሦስተኛው እምቢ ማለት ነው። በ1995 ከኔትቢኤስዲ ተገንጥሎ ኦፕንቢኤስዲን በካናዳ ካልጋሪ የመሠረተው ቲዮ ደ ራት፣ ውስጡ የማይነበብ ድራይቨር ከርነሉ ውስጥ እንዳይገባ ወሰነ። በቺፑ ላይ ብቻ የሚሠራ ፈርምዌር፣ የማደል ፈቃድ ካለው፣ ይፈቀዳል። ከዚያ ያለፈ የለም፤ ኩባንያው ማብራሪያውን ይስጥ ወይ ዕቃው ይቅር። ደ ራት አንደበቱ ለስላሳ ሰው አይደለም፤ ብዙ ወዳጅም አስቀይሟል። ግን ኩባንያዎችን በአደባባይ በመጎትጎት ለሁሉም የጠቀመ ሥራ ሠርቷል፤ የነፃ ሶፍትዌር ፋውንዴሽንም በ2004 ሸልሞታል።

ነፃዎቹም እርስ በርስ ተጣልተዋል። በ2007 አንድ የኦፕንቢኤስዲ የብሮድኮም ድራይቨር ከሊኑክሱ ድራይቨር ያለ ፈቃድ ኮድ ወስዷል ተብሎ በአደባባይ ተወቀሰ፤ ጸሐፊውም ሥራውን ጥሎ ወጣ። የሊኑክሱ ጂፒኤል ፈቃድ የወሰደ ሰው በዚያው ፈቃድ መልሶ እንዲያካፍል ያስገድዳል፤ የቢኤስዲ ፈቃድ ደግሞ ውሰድ፣ ስሜን ብቻ ጥራ ይላል። ሁለቱም ቸር ናቸው፤ ግን የአንዱ ቸርነት በሌላው ደጅ አይገባም። ካርዱ ዝም ያለበት ተጠቃሚ ለዚህ ምን ይበጀዋል?

የስክሪን ቺፖችን ታሪክ በአጭሩ ልለፈው፤ ታውቁታላችሁና። በ2012 ቶርቫልድስ በፊንላንድ አልቶ ዩኒቨርሲቲ መድረክ ላይ ለኤንቪዲያ የመሀል ጣቱን አሳየ። ኩባንያው ክፍት የከርነል ሞጁሎችን የለቀቀው በግንቦት 2022 ነው፤ ያውም ለአዳዲስ ቺፖቹ። አሮጌዎቹ እዚያው ቀሩ። ዴቢያን በበኩሉ ለዓመታት የተዘጋ ፈርምዌርን ከመደበኛው መጫኛው አርቆ ቆይቶ፣ በ2022 አባላቱ ድምፅ ሰጥተው በ2023 በወጣው ዴቢያን 12 መጫኛ ውስጥ አስገባው። ውሳኔውን ሽንፈት ያሉት ነበሩ። ለእኔ ዘግይቶ የመጣ ደግነት ነው። ዋይፋይ የማያነሣ መጫኛ ለደሃ ተጠቃሚ ነፃነት አይሰጠውም፤ ወደ ተሰነጠቀው ዊንዶውስ ነው የሚመልሰው።

ስለዚህ ላፕቶፕ ከመግዛታችሁ በፊት ይህን አድርጉ። ሻጩ ፊት በዊንዶውሱ ዲቫይስ ማናጀር ግቡና የዋይፋይ ካርዱን መለያ ቁጥር እዩ። የአምራቹ ቁጥር 8086 ከሆነ ኢንቴል ነው፤ ሊኑክስ ላይ ከሞላ ጎደል አትቸገሩም፣ ኦፕንቢኤስዲም ብዙዎቹን ያውቃል። አሮጌ አቴሮስ ከሆነም ደስ ይበላችሁ፤ ኩባንያው በ2008 ክፍት ድራይቨር መደገፍ ጀምሮ ነበር። ከተቻለ በፍላሽ ላይ የተጫነ ሊኑክስ ይዛችሁ ሂዱና ሳትጭኑ አስነሡት፤ ዋይፋይ፣ ድምፅ፣ ካሜራ፣ ከዚያ ደግሞ ክዳኑን ዘግቶ መክፈት። ክዳን ሲዘጋ ተኝቶ ሲከፈት የማይነቃ ላፕቶፕ ከዋይፋይ አልባው ብዙም አይሻልም። ፍሪቢኤስዲ ለስክሪንና ለአዳዲስ የኢንቴል ዋይፋይ ከሊኑክስ የተወሰደ ኮድ አስማምቶ ነው የሚያሠራው። አንዳንድ ተጠቃሚዎቹማ ዋይፋይ ለማግኘት ብቻ ውስጡ ትንሽ ሊኑክስ ያስነሣሉ። ለሰርቨር የምወደው ሲስተም ነው፤ ካርዱን ለማያውቅ ጀማሪ ላፕቶፕ ላይ ግን አልመክርም። ኦፕንቢኤስዲ የምትመርጡ ደግሞ ብሉቱዝ ከ2014 ጀምሮ እንደተወገደ ቀድማችሁ እወቁ፤ የጆሮ ማዳመጫችሁን ሽቦ አትጣሉ። ፈርምዌሩን ሲያወርድ ስልካችሁን በዩኤስቢ ገመድ ማገናኘት መላ ነው። ያን አርብ ማታ ይህን የነገረኝ አልነበረም።

ለአማርኛስ? ለሚለው፣ በዚህ በኩል ሥጋት የለም። በአንድ ወቅት አንዱ ቤት የተጻፈ የግዕዝ ፊደል ሌላው ቤት ሲከፈት የማይነበብ ምልክት ይሆን የነበረው፣ እያንዳንዱ ሶፍትዌር ለፊደሎቹ የየራሱን ቁጥር ስለሰጠ ነበር። ፊደላችን በ1999 በወጣው ዩኒኮድ 3.0 ውስጥ ሲገባ ቁጥሩ የሁሉም ሆነ። ዛሬ ሊኑክስም ቢኤስዲም ማንንም ሳያስፈቅዱ ያነቡታል። የዋይፋይ ካርዶች ይህን ዕድል አላገኙም።

ጽሑፌን ሰኞ ጠዋት በስልኬ ገመድ ላክሁ። በሳምንቱ አንድ የላፕቶፕ ጠጋኝ ከሞተ ላፕቶፕ የወጣ የኢንቴል ካርድ አገኘልኝ። አንዳንድ ላፕቶፖች ከፋብሪካ የመጣላቸውን ካርድ ካልሆነ አይቀበሉም፤ ስለዚህ ሁለታችንም ትንፋሻችንን ውጠን ነው ያስነሣነው። ተቀበለው። አሁን ዴቢያን ነው ያለው፣ ዲስኩም ተመስጥሯል። ጠጋኙ አሮጌውን ካርድ ልጣለው ወይ ሲለኝ አይ ብዬ ኪሴ ውስጥ ከተትኩት።